ከባዱ የዳክዬ ጠመንጃ፦ የሚወራውና እውነታው

ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ባለ ሁለት አፈሙዝ የዳክዬ ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ያየ ሰው መጀመሪያ አንስቶ ይመዝነዋል፤ ከዚያ «ወይ ጉድ!» ይላል። ከትላልቆቹ አንዱ ከሆነ ሰባት ኪሎ ይደርሳል፤ ቀዳዳው አውራ ጣት ያስገባል። ወሬው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ «ይህማ ዝሆን ይጥላል» ሲል ሌላው «ቢተኩሱት እጅ ላይ ይፈነዳል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «በዓለም ሁሉ የተከለከለ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሦስቱም ተሳስተዋል፤ ግን እያንዳንዱ ስሕተት ውስጥ ትንሽ እውነት ስላለች በቀላሉ አይነቀልም።

እነዚህ ጠመንጃዎች በአብዛኛው ከ1870ዎቹ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በእንግሊዝ የበርሚንግሃምና የለንደን ባለሙያዎች ሠርተዋቸዋል፤ ደብልዩ ደብልዩ ግሪነርና የቶሊ ቤት በዚህ ዘርፍ ስም ካወጡት ናቸው። በአሜሪካ ደግሞ በኮነቲከት የነበረው ፓርከር ብራዘርስ ይጠቀሳል። ሥራቸው አንድ ነበር፤ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ከውኃ ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ውኃ የሚሻገሩ ዳክዬዎችንና ዝይዎችን መጣል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖች ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። የዚህ አደን ዋና መድረክ የነበረው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ከከተማው በመኪና ሁለት ሰዓት እንኳ አይርቅም፤ በሴንት ማይክልስ ከተማ ያለው የባሕረ ሰላጤው ሙዚየም መሣሪያዎቹን ለሕዝብ ያሳያል።

«ቁጥሩ ሲበልጥ ጠመንጃው ይተልቃል»

ተቃራኒው ነው። የአፈሙዝ ስፋት በእንግሊዝ «ቦር»፣ በአሜሪካ «ጌጅ» በሚባል ቁጥር ይጠራል። ቁጥሩ አንድ ፓውንድ እርሳስ፣ ማለትም 453.6 ግራም፣ ከቀዳዳው ልክ ጋር የሚገጥሙ ስንት ድቡልቡል ኳሶች እንደሚወጡት ይናገራል። አሥራ ሁለት ኳስ ከወጣው 12 ቦር ነው፤ ስፋቱም 18.5 ሚሊሜትር። 10 ቦር 19.7፣ 8 ቦር 21.2 ሚሊሜትር ይሆናል። 4 ቦር በስሌቱ 26.7 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ በመለኪያ ሲታዩ ግን ከዚህ የሚያንሱ አሉ። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰብሳቢ ሻጩ ከሚነግረው ቁጥር ይልቅ መለኪያውን ያምናል።

«አፉ የሰፋ ጠመንጃ ሩቅ ይመታል፤ እንክብሉንም ሰፋ አድርጎ ይበትናል»

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው አመለካከት ይህ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። እነዚህ ጠመንጃዎች በአንድ ጊዜ የሚተኩሱት ብዙ ትናንሽ የእርሳስ እንክብሎችን ነው። አንድ እንክብል ደግሞ ከየትኛው ቦር እንደ ወጣ አያውቅም። መጠኑና የመነሻ ፍጥነቱ እኩል ከሆነ፣ ከ12 ቦር የወጣውም ከ8 ቦር የወጣውም እኩል ርቀት ይጓዛል፤ በአርባ ሜትር ላይም የሚቀረው ጉልበት እኩል ነው። ትልቁ ጠመንጃ የሚጨምረው ፍጥነትን ሳይሆን የእንክብሉን ብዛት ነው።

በቁጥር እንየው። ለዝይ ከሚመረጡት መጠኖች አንዱ ሁለት «ቢ» ፊደል ተጽፎበት የሚሸጠው ትልቅ እንክብል ነው፤ በአንድ አውንስ እርሳስ 50 ያህል ይወጣዋል። የተለመደ የ12 ቦር ጥይት አንድ ከአንድ ስምንተኛ አውንስ ማለትም 32 ግራም ስለሚይዝ 56 እንክብል አለው። 8 ቦር ሁለት ከሩብ አውንስ ይጎርሳል፤ 112 እንክብል ማለት ነው። አተኳኮስ የሚለካው በ40 ያርድ ወይም 36.6 ሜትር ርቀት ላይ 76 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ነው። ጫፉ በደንብ የጠበበ አፈሙዝ ከእንክብሎቹ 70 በመቶ ያህሉን እዚያ ክብ ውስጥ ያሳርፋል። ከመጀመሪያው 39፣ ከሁለተኛው 78 መሆኑ ነው። ክቡ ግን ያው ነው፤ የበዛው በውስጡ ያለው እንክብል ነው። ዝይዋ በሁለቱ እንክብሎች መካከል የምታመልጥበት ክፍተት ጠበበ እንጂ መረቡ አልሰፋም።

የእንክብሉን አበታተን የሚወስነው አዳኞች «ቾክ» የሚሉት የአፈሙዙ ጫፍ ጥበት ነው። የኒውካስሉ ዊልያም ፔፕ በ1866 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል፤ ግሪነር ደግሞ በ1870ዎቹ አጋማሽ አሻሽሎ ለገበያ አቀረበው። ከዚያ በፊት የተሠራና ጫፉ ያልጠበበ 8 ቦር ከሆነ ግን ከእንክብሎቹ ክቡ ውስጥ የሚያሳርፈው 40 በመቶ ያህሉን ነው፤ 45 ማለት ነው። ያን ሁሉ ባሩድና እርሳስ አቃጥሎ ጫፉ ከጠበበ 12 ቦር የሚበልጠው በስድስት እንክብል ብቻ ነው። በመቶ ሜትር ርቀት ዝይ ጣልሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጨዋታውን ስሙት፣ ሳቁ፤ ጠመንጃውን ግን በዚህ ወሬ ዋጋ አትግዙት። በሚገባ የጠበበ 8 ቦር እንኳ በታማኝነት የሚሠራው እስከ 50 ወይም 55 ሜትር ነው።

«የከበደው ለጥንካሬ ነው፤ አለዚያም ለጉራ»

ክብደቱ ከሒሳብ የመጣ ነው። ግሪነር ያስቀመጠውና ዛሬም የሚጠቀስ ደንብ አለ፤ ጠመንጃው ከሚተኩሰው እንክብል ክብደት 96 እጥፍ ይመዝን ይላል። 32 ግራም በ96 ሲባዛ 3 ኪሎ ይመጣል፤ የተለመደ የ12 ቦር ክብደት ይኸው ነው። 57 ግራም ለሚተኩስ 8 ቦር አምስት ኪሎ ተኩል፣ 71 ግራም ለሚተኩስ ደግሞ ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ። ጠረጴዛው ላይ ያስገረመን ሰባት ኪሎ ከየት እንደ መጣ አሁን ግልጽ ነው። 71 ግራሙን በሦስት ኪሎ ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው ትከሻውን ለወጌሻ ያዘጋጅ። በትክክል የተመጣጠነ 8 ቦር ግን ይገፋል እንጂ በጥፊ አይመታም፤ የጥንቱ ጥቁር ባሩድ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ ይበልጥ የለዘበ ነው።

«ከከበደማ በሚበር ወፍ ላይ ማዞር አይቻልም» የሚለውም ከዚሁ ይወለዳል። በጫካ ውስጥ ከቁጥቋጦ በድንገት ለሚነሳ ቆቅ እውነት ነው። ለዝይ ግን አይደለም። የዝይ አዳኝ ቀኑን ሙሉ አይዞርም፤ ጭቃ ውስጥ ተደፍቶ ይጠብቃል፤ ዝይዋ ስትመጣም ከሩቅ ትታያለች። ከባዱ አፈሙዝ አንዴ መዞር ከጀመረ ቃታው ሲሳብ በቀላሉ አይቆምም፤ አብዛኛው ጀማሪ ወፉን ከኋላ የሚስተው ደግሞ ቃታ ሲስብ እጁን ስለሚያቆም ነው።

«ሁለት አፈሙዝ ያለው ሁለቱን አንድ ላይ ለመተኮስ ነው»

የለም። ሁለተኛው ለሁለተኛው ወፍ ወይም ለመጀመሪያው ስሕተት ነው። ሁለቱ አብረው ከፈነዱ የ96 እጥፉ ሒሳብ ወደ 48 ይወርዳል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ጥርሱን ይቁጠር። ሳይፈለግም ይከሰታል፤ በውስጥ ያለው የመዶሻ መያዣ ጥርስ ከተበላ የመጀመሪያው ተኩስ ንዝረት ሁለተኛውን ያስለቅቀዋል። ስለዚህ ያልታወቀ አሮጌ ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር ጥይት የሚገባው በአንዱ አፈሙዝ ብቻ ነው።

«አፈሙዙ በረዘመ ቁጥር ተኩሱ ይርቃል»

ርዝመታቸው 81 ወይም 91 ሴንቲሜትር የሆኑ አሉ። ጥቁር ባሩድ አብዛኛውን ሥራውን 76 ሴንቲሜትር ላይ ጨርሷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨምረው ፍጥነት ጥቂት ነው። ርዝመቱ የሚጠቅመው ለሚዛንና ለዓይን ነው።

«4 ቦር ከሆነ የዝሆን ጠመንጃ ነው»

ለዝሆን የተሠሩ 4 እና 8 ቦር ጠመንጃዎች በእርግጥ ነበሩ። እነሱ ግን አንድ ከባድ ኳስ ወይም ጥይት የሚተኩሱ ናቸው፤ አብዛኞቹም በውስጣቸው ጥምዝ መስመር የተቀረጸላቸው ነበሩ። የዳክዬው ጠመንጃ ውስጡ ልሙጥ ነው፤ ግድግዳውም ወደ ጫፉ ሲሄድ ይሳሳል። የጠበበ ጫፍ ያለውን አፈሙዝ በኳስ መተኮስ ጫፉን መቅደድ ስለሆነ የአፈሙዝን ጥንካሬ የሚፈትኑት የእንግሊዝ ፍተሻ ቤቶች ከ1875 እስከ 1887 ባለው ጊዜ እንዲህ ባሉት ላይ «ለኳስ አይሆንም» የሚል ጽሑፍ ያትሙ ነበር።

የዝሆኑ ዓይነት እስከ እኛ ደጃፍ ደርሷል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 እና 1862 በአትባራና በሰቲት፣ ማለትም በተከዜ የታችኛው ክፍል፣ ሲያድን ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን ጥይት የሚተኩስ ዘጠኝ ኪሎ ገደማ ጠመንጃ ይዞ ነበር። የአካባቢው ዓረብኛ ተናጋሪዎች «የመድፍ ልጅ» ብለው ሰየሙለት። በተኮሰ ቁጥር ያሽከረክረው ስለነበር ራሱ ቤከር እንኳ ይፈራው ነበር። ነገር ግን ይህ ባለ አንድ አፈሙዝ የአውሬ ጠመንጃ ነው፤ ከዳክዬ ጠመንጃ ጋር የሚያመሳስለው የቀዳዳው ስፋት ብቻ ነው።

«የደማስቆ አፈሙዝ በዘመናዊ ባሩድ ይተረተራል»

በሙያው ውስጥ የሚያጣላው ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ደማስቆ የሚባለው አፈሙዝ የሚሠራው የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች አንድ ላይ ተበይደው፣ እንደ ገመድ ተገምደው፣ ከዚያም በቀጭን ዘንግ ዙሪያ ተጠምጥመው በእሳትና በመዶሻ ሲዋሐዱ ነው። በላዩ የሚታየው ውብ ጥለት የዚያ ግመዳ አሻራ ነው። እንደ ገመድ ስለተጠመጠመ እንደ ገመድ ይፈታል የሚለው ስጋት ለጆሮ ይጥማል። በ1891 በበርሚንግሃም ፍተሻ ቤት ብዙ ዓይነት አፈሙዞች እስኪፈነዱ ድረስ ሲፈተኑ ግን በማሽን የተቀጠቀጠ የእንግሊዝ ንብርብር ብረት (የደማስቆ ዘመድ ነው) ከዘመኑ ምርጥ አረብ ብረት ጋር ተወዳድሮ ከፊት ተሰልፏል። ዛሬም በእንግሊዝ ፍተሻ ቤት ዘመናዊውን ጢስ አልባ ባሩድ ችለው የሚያልፉ የደማስቆ አፈሙዞች አሉ።

ታዲያ የፈነዱት ለምን ፈነዱ? አንደኛው ምክንያት መለኪያው ነው። ጥቁር ባሩድ ይሰፈር የነበረው በትንሽ ጽዋ፣ በይዘት ነው። ጢስ አልባው ባሩድ ሲመጣ፣ በተለይ ጥቅጥቅ ያለው ዓይነት፣ በዚያው ጽዋ እየሞሉ የተኮሱ ሰዎች ነበሩ። ከሚገባው ብዙ እጥፍ ኃይል ያለው ጥይት ሠርተው ሲያበቁ ጥፋቱን በብረቱ ላይ ጣሉ። ሌላው ጭቃ ነው። የዳክዬ አዳኝ ውሎው ረግረግ ላይ ስለሆነ የአፈሙዝ ጫፍ ጭቃ ወይም በረዶ መጉረሱ አይቀርም፤ የተደፈነ አፈሙዝ ደግሞ አዲስም ሆነ አሮጌ ይቀደዳል። የቀረው የዝገት ጉዳይ ነው። የጥቁር ባሩድ ዝቃጭ እርጥበት ስለሚስብ በቅጡ ያልታጠበ አፈሙዝ ከውስጥ ይቦረቦራል።

እዚህ ላይ ተቃራኒው ስሕተት ይመጣል፤ «እንግዲያውስ ደማስቆ ችግር የለበትም፤ ከሱቅ የገዛሁትን ጥይት ልክተት» የሚለው። ይህኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። በ1891 የተፈተኑት አዲስ አፈሙዞች ነበሩ፤ በእጃችን ያሉት መቶ ዓመት የዛጉ፣ የተፋቁ፣ ስርጉዳቸው በመዶሻ የተቃና ናቸው። ብረቱ በጥቅሉ ጥሩ መሆኑ ይህኛው ጠመንጃ ጥሩ መሆኑን አያሳይም።

ጠንቃቃ ባለሙያ ሲመረምር ማየት ብዙ ያስተምራል። አፈሙዞቹን ከሰደፉ ነጥሎ በመንጠቆ ያንጠለጥልና በጣቱ አንጓ ይቆረቁራቸዋል። እንደ ቃጭል ረዘም አድርገው ከጮኹ ሁለቱን ቱቦዎች የሚያያይዘው ብየዳ ደኅና ነው፤ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ዱብ ካሉ የሆነ ቦታ ለቋል። ቀጥሎ ወደ ብርሃን አነጣጥሮ የጥላውን ቀለበቶች ይከተላል፤ ቀለበቱ የተጣመመበት ቦታ ስርጉድ ወይም እብጠት አለ። በመጨረሻ የግድግዳውን ውፍረት ከሥር እስከ ጫፍ በመለኪያ ያነባል። ከውጭ የሚያብረቀርቅ አፈሙዝ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሳስቶ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ እጅ የሚወስደውም ያ ቦታ ነው። ይህ ካልተደረገ ጠመንጃው ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለተኩስ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥለት ያለው ሁሉ ደማስቆ አይደለም። በተራ ቱቦ ላይ ጥለቱ በአሲድ ተስሎ የተሸጠ ርካሽ ጠመንጃ ሞልቷል።

«ጥይቱ ከገባና ጠመንጃው ከተዘጋ ልኩ ነው ማለት ነው»

ይህ አመለካከት ሰው ያስጎዳል። በጥይት ሣጥን ላይ የሚጻፈው ርዝመት የተተኮሰው ቀለህ ርዝመት ነው፤ ሳይተኮስ ጫፉ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ ያጥራል። በድሮዎቹ 10 ቦሮች ውስጥ ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል 67 ሚሊሜትር የሆነ አለ፤ 73 የሆነም አለ። የ73ቱ ጥይት 67ቱ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ጠመንጃውም ይዘጋል። ሲተኮስ ግን እጥፋቱ የሚከፈትበት ቦታ ያጣና ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል፤ ግፊቱም ያሻቅባል። በ1932 ደግሞ 89 ሚሊሜትር የሆነው የ10 ቦር ማግነም መጣ። ዛሬ በሱቅ በብዛት የሚገኘው የ10 ቦር ጥይት ይኸው ነው፤ ሣጥኑ ላይ «10» የሚለውን ብቻ አንብቦ ለ1880ዎቹ ጠመንጃ መግዛት ዕብደት ነው።

«የፍተሻ ማኅተም የሌለው ጠመንጃ የተበላሸ ነው»

በእንግሊዝ ከሆነ አዎን፣ ይጠረጠራል። የለንደኑ የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር ከ1637፣ የበርሚንግሃሙ ፍተሻ ቤት ከ1813 ጀምሮ አፈሙዞችን ከመደበኛው በላይ በሆነ ባሩድ እየፈተኑ ያትማሉ፤ በ1868 በወጣው ሕግ መሠረትም ያልተፈተነ ጠመንጃ መሸጥ ወንጀል ነው። አሜሪካ ግን እንዲህ ያለ የመንግሥት ፍተሻ ቤት ኖሯት አያውቅም፤ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ይፈትኑ ነበር። ፓርከር ላይ የበርሚንግሃምን የዘውድ ማኅተም የሚፈልግ ሰው ሲፈልግ ይውላል። ማኅተሙ ቢኖርም እንኳ የሚመሰክረው በታተመበት ቀን ለነበረው አፈሙዝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተፍቆ ሰፍቶ እንደሆነ የሚያውቀው መለኪያ ብቻ ነው።

«በዓለም ሁሉ የተከለከለ ነው፤ ዳክዬውን የጨረሰውም እሱ ነው»

አሜሪካ በ1916 ከብሪታንያ ጋር በካናዳ ስም የተፈራረመችውን የተጓዥ ወፎች ውል በ1918 በሕግ አጸናች። ከዚያ ወዲህ ተጓዥ ወፍ ከ10 ጌጅ በሚተልቅ ጠመንጃ ማደን በዚያ አገር አይፈቀድም። የተከለከለው አደኑ እንጂ ባለቤትነቱ አይደለም፤ 8 ጌጅ መግዛት፣ ማስቀመጥ፣ በሸክላ ዒላማ ላይ መተኮስ ይቻላል፤ ባለ 10 ጌጁ ደግሞ ዛሬም ሕጋዊ የዳክዬ ጠመንጃ ነው። በብሪታንያ ወሰኑ በጣም ሰፊ ነው። የ1981ዱ የዱር እንስሳት ሕግ የከለከለው የአፈሙዝ ጫፉ ውስጣዊ ስፋት ከ44.5 ሚሊሜትር የሚበልጠውን ነው። 8 እና 4 ቦር ከዚያ በብዙ ያንሳሉ።

በአሜሪካ ከ1898 በፊት ወይም በዚያው ዓመት የተሠራ መሣሪያ በ1968ቱ የፌዴራል ሕግ «ጥንታዊ» ተብሎ ለብቻው ይታያል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወገኖች «እንግዲያውስ ለአባባ ልላክለት» ይላሉ። አሜሪካ ጥንታዊ ያለችው ቦሌ ሲደርስ የሚዳኘው በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ይህኛው ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ከመጫን በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ጥፋቱ እንምጣ። በቼሳፒክ ዳክዬውን የፈጀው ገበያው ነው። የባቡር መስመር ከተዘረጋ በኋላ «ካንቫስባክ» የሚባለው ጣፋጭ ዳክዬ በገፍ እየታደነ ወደ ባልቲሞር፣ ፊላዴልፊያና ኒውዮርክ ሆቴሎች ይጫን ነበር። ሙዚየሙ ውስጥ ጎብኚውን የሚያስደነግጡት ረጃጅም መሣሪያዎች የትከሻ ጠመንጃ አይደሉም፤ ጀልባ ላይ ታስረው ውኃ ላይ የተኛ መንጋ በአንድ ተኩስ የሚያጭዱ ናቸው። ሌላው መሣሪያ አዳኙ ተጋድሞበት ከውኃው ገጽ እኩል የሚሰምጥ የሬሳ ሣጥን መሰል ሣጥን ነበር፤ ዙሪያውን የእንጨት ዳክዬዎች ይደረደሩበታል። ከ1897 ወዲህ በተስፋፋው የዊንቸስተር ተደጋጋሚ ተኳሽ አንድ ሰው ሳያቋርጥ አምስትና ስድስት ጊዜ መተኮስ ቻለ። ረግረጉ ደግሞ ለእርሻ እየተንጣፈፈ ወፎቹ የሚፈለፈሉበት ቦታ ጠበበ። ሕጉም የመጣው በዚሁ መልክ ነው፤ በ1918 የዱር ዳክዬ ሽያጭ ቆመ፣ በ1934 አዳኝ ሁሉ የሚገዛው የዳክዬ ቴምብር መጣና ገንዘቡ ረግረግ መግዣ ሆነ፣ በ1935 ሣጥኑ፣ ማጥመጃ እህሉና ሕያው ማታለያ ዳክዬ ታገዱ፤ በተደጋጋሚ ተኳሽ ውስጥ የሚገባው ጥይትም ሦስት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ሁለት ተኩሶ ቀለህ ለመቀየር ጎንበስ የሚለው ባለ 8 ቦር በዚህ ሰልፍ ውስጥ የነበረው ድርሻ ትንሽ ነው።

«እርሳስ የታገደው ለቁስለኛ ወፎች ታስቦ ነው፤ ከእገዳው በኋላ አሮጌ ጠመንጃ አበቃለት»

ሁለት ስሕተት በአንድ ዓረፍተ ነገር። መርዙ የሚሠራው በዋናነት ባልተመታው ወፍ ላይ ነው። ዳክዬ ጥርስ ስለሌላት ምግቧን የምትፈጨው ከጭቃው ለቅማ በምትውጠው ጠጠር ነው። ለዓመታት ሲተኮስበት በኖረ ረግረግ ውስጥ የእርሳስ እንክብልና ጠጠር አይለይም፤ ትውጠዋለች፤ መፍጫዋም እየፈጨ ወደ ደሟ ይልከዋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍራንክ ቤልሮዝ በ1959 ባወጣው ጥናት በሰሜን አሜሪካ ከመቶ የውኃ ወፎች ሁለት ወይም ሦስቱ በየዓመቱ በዚህ እንደሚሞቱ ገምቷል። የሞተውን ዳክዬ የሚበላው ንስርም ይመረዛል። አሜሪካ ከ1987 ጀምራ ደረጃ በደረጃ በ1991 በመላ አገሪቱ ለውኃ ወፍ አደን እርሳስን ከለከለች፤ እንግሊዝ በ1999 ተከተለች። ነገሩ የነሱ ብቻም አይደለም፤ በአውሮፓ ረግረግ ከሚያርፉ የዳክዬ ዝርያዎች አንዳንዶቹ ክረምት ሲገባባቸው እስከ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይወርዳሉ።

ተተኪው የብረት እንክብል ለአሮጌ ጠመንጃ ጠላት ነው። ጠንካራ ስለሆነ በጠበበው ጫፍ ሲያልፍ እንደ እርሳስ አይተጣጠፍም፤ ለስላሳውን አፈሙዝ ይፈገፍገዋል፣ ጫፉ ላይም ቀለበት መሳይ እብጠት ይተዋል። ቢስመዝ የሚባለው ብረታ ብረት ግን ለስላሳ ነው። እፍግታው (በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሚመዝነው ግራም) ከእርሳስ 11.3 ትንሽ ወርዶ 9.7 ገደማ ስለሆነ ከብረት 7.8 በብዙ ይሻላል፤ ዋጋው ያማል እንጂ ጠመንጃውን አያምም። የተንግስተን ብናኝ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ የተሠራውም ይሆናል።

«ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ አዲስ ቀለም ከተቀባ ዋጋው ይጨምራል»

ይወድቃል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለሠሪው ስም፣ ላልተነካ መልኩና ለአፈሙዙ ውፍረት ነው። በደማስቆ ላይ ደግሞ ከዋጋም ያለፈ ጉዳት አለ። ዘመናዊ ጠመንጃ የሚጠቁረው በፈላ ኃይለኛ ጨው ውስጥ ተነክሮ ነው፤ ያ ጨው በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ያለውን የቆርቆሮ ብየዳ ይበላዋል። ደማስቆ የሚያምረው ቀስ ብሎ በተቆጣጠሩት ዝገት ነው፤ ብዙ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው።

ስምም ያታልላል። «ደብልዩ ሪቻርድስ» የሚል የተቀረጸበት ጠመንጃ ይዞ «ዌስትሊ ሪቻርድስ አገኘሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ስሙ ከታላቁ የእንግሊዝ ቤት ጋር እንዲምታታ ታስቦ በቤልጂግ ተሠርቶ በአሜሪካ የብረታ ብረት ሱቆች የተቸበቸበ ዕቃ ነው። አፈሙዙን ገልብጦ ከሥሩ ማየት ይበቃል፤ በሞላላ ክብ ውስጥ «ኢ ኤል ጂ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ከታተሙበት የሊዬዥ ከተማ ፍተሻ ቤት ማኅተም ነው። ሊዬዥ ጥሩ ጠመንጃም ሠርታለች፤ ግን በእንግሊዝ ዋጋ አይገዛም።

«የ8 ቦር ጥይት መመረት ካቆመ ቆይቷል»

ይመረታል፤ ግን ለዳክዬ አይደለም። በሲሚንቶ ፋብሪካ የሚሽከረከረው ምድጃ ውስጥ ቁሱ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ቀለበት ይሠራል። ምድጃውን አቀዝቅዞ ከማጽዳት ይልቅ በሩ ላይ በተተከለ ከባድ 8 ጌጅ ተኩሶ ማፍረስ ይቀላል፤ ጥይቱ የሚመረተው ለዚህ ነው። የሚይዘው እንክብል ሳይሆን እስከ ሦስት አውንስ፣ ማለትም 85 ግራም፣ የሚመዝን ድፍን ጥይት ነው፤ ባሩዱም ጢስ አልባ ነው። ጫፉ የጠበበ የ1880ዎቹ አፈሙዝ ውስጥ የከተተው ሰው እስካሁን የዘረዘርናቸውን ስሕተቶች ከሞላ ጎደል በአንድ ቃታ ይሠራቸዋል። ባዶው የፕላስቲክ ቀለህ ግን በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ነው፤ በጠመንጃው ክፍል ልክ ቆርጠው በጥቁር ባሩድና በቢስመዝ ደግመው ይሞሉታል።